ዝም ያለው ሕፃንና እርሳሱ፤ የሠዓሊው የስቲቨን ዊልትሸር ታሪክ



ሰው ልጁን አስቀድሞ የሚመዝነው በአንደበቱ ነው። ሕፃን በጊዜው አፉን ሲፈታ ቤተ ዘመድ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ሳይፈታ የቀረ እንደ ሆነ ግን ኀዘን በቤቱ ይገባል። እናቲቱ በስውር ታለቅሳለች፤ አባትየው ስለ ልጁ ሲጠየቅ ነገሩን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ጎረቤትም «ምን አግኝቶት ይሆን?» እያለ ያንሾካሹካል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለሁላችሁም የታወቀ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ እንዲገባ ይደረጋል፤ እኩዮቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሱ ከደጃፍ ይቀራል፤ ዕድሜው እየጨመረ ሲሄድም ወጥቶ እንዳይጠፋ ተብሎ በገመድ የሚታሰር አለ። ይህን የሚያደርገው ቤተ ሰብ ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ የሚያደርገው ቢያጣና ሰው ምን ይለኛል ብሎ ቢያፍር ነው።

የዛሬው ንግግር እንደዚህ ስላለ አንድ ልጅ ነው። ልጁ እስከ አምስት ዓመቱ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ዛሬ ግን በብዙ አገር የታወቀ ሠዓሊ ሆኖአል። ስሙም ስቲቨን ዊልትሸር ይባላል። የተወለደው በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ ነው፤ ወላጆቹ ግን ከካሪብ ባሕር ደሴቶች፥ አባቱ ከባርባዶስ፥ እናቱም ከሴንት ሉሲያ የመጡ ጥቁሮች ናቸው። ባለ ታሪኩ በሕይወት ያለ ሰው ነውና ነገሩ እንደ ተረት የሚሰማ አይደለም። ታሪኩ እዚህ የሚነገርበትም ምክንያት ሕፃኑን ከዝምታው ያወጡት መምህራን ምን እንዳደረጉ ለመመርመር ነው፤ እነሱ ያደረጉት ዋናው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስላልሆነ በመርሳም በውርጌሳም በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ሊደረግ ይችላል። የሚበዛው ታሪክ የውጭ አገር በመሆኑ፥ በዚህ ንግግር ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

አስቀድሞ ግን የልጁ ጠባይ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪሞች ይህን ጠባይ ኦቲዝም ብለው ይጠሩታል። ነገሩ በሰፊው መታወቅ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሊዮ ካነር ዐሥራ አንድ ልጆችን መርምሮ ያየውን ጻፈ። እንዲህ ያለው ልጅ ስሙ ሲጠራ ያልሰማ ይመስላል፤ ሰው ዓይን ውስጥ ማየት ይከብደዋል፤ ከእኩዮቹ ጋር ከመጫወት ይልቅ ለብቻው ሆኖ አንዱን ነገር ደጋግሞ ያደርጋል፤ ጠጠሩን ወይም ቆርኪውን በመስመር ይደረድራል፤ የለመደው ሥርዓት የተናጋበት እንደ ሆነ ይጮኻል። ለሌላው ሰው ምንም ያልሆነ ድምፅ፥ ብርሃን ወይም የልብስ ሻካራነት እሱን እጅግ ያስጨንቀዋል። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ፈጽሞ አይናገርም፤ ሌላው ደግሞ ብዙ ይናገራል፤ ነገር ግን የሚናገረው እሱ ስለ ወደደው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ልጅ አይቶ ሌላውን እንደዚያው ነው ማለት አይቻልም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2021 ዓ.ም. ከ127 ሰዎች መካከል አንዱ ይህ ጠባይ ነበረው። በዚህ ግምት ከተሄደ ጠባዩ ከሩቅ የሚሰማ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ሁሉ አለ ማለት ነው።

የሚመጣበትም ምክንያት የልጁ አንጎል ገና ከጥንቱ በሌላ መንገድ እያደገ በመሄዱ ነው፤ ብዙውም በዘር የሚወረስ ነው። በፈረንጆች አገር በ1950ዎቹ ዓመታት ጠባዩ የሚመጣው እናት ልጅዋን ሳትወድ ስትቀር ነው የሚል አሳብ ተሰራጭቶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ብዙ እናቶች ያለ በደላቸው ተወቀሱ። በኋላ ግን ይህ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጦ ተጣለ። ክትባት ያመጣዋል የተባለውም ወሬ ብዙ ጊዜ ተመርምሮ ሐሰት ሆኖ ተገኝቶአል። ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ በሽታም አይደለም። እንግዲህ እናትን መውቀስ፥ ጎረቤትን በቡዳ መጠርጠር፥ የዘር ርግማን መፈለግ ለልጁ አንዳች አይጠቅመውም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ስቲቨን የተወለደው በ1974 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው። እንደ ሌሎቹ ሕፃናት አልተናገረም፤ ሰው ሲቀርበውም ዞር ብሎ አያይም ነበር። ሦስት ዓመት ሲሆነው ሐኪሞች ኦቲዝም እንዳለበት ለእናቱ ነገሯት። በዚያው ዓመት አባቱ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። እናቲቱም ከሕፃኑና ከእኅቱ ጋር ያለ ባል ቀረች። በሰው አገር፥ ያለ ባል፥ የማይናገር ልጅ ይዞ መኖር እንዴት ያለ ሸክም እንደ ሆነ እዚህ ያላችሁ እናቶችን የምታውቁ ሁሉ ትረዱታላችሁ። ነገር ግን እናቲቱ ልጅዋን አልደበቀችውም። አምስት ዓመት ሲሆነው ኩዊንስሚል ወደሚባል፥ እንዲህ ላሉ ልጆች ወደ ተዘጋጀ ትምህርት ቤት አስገባችው።

የልጁ መንገድ የተለወጠው በዚህ ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዎቹ ሕፃኑ ምን እንደማይችል ከመቍጠር ይልቅ ብቻውን በተተወ ጊዜ ወደ ምን ነገር እንደሚመለስ ይመለከቱ ጀመር። እሱ ሁልጊዜ የሚመለሰው ወደ ወረቀትና ወደ እርሳስ ነበረ። መጀመሪያ እንስሳትን ሣለ፤ ቀጥሎም በሎንዶን መንገድ የሚመላለሱትን አውቶቡሶች ሣለ፤ በመጨረሻም ልቡ ወደ ሕንፃዎች ሄዶ እዚያው ተቀመጠ። በአፉ የማይናገረውን በእጁ ይናገር ነበር ማለት ይቻላል፤ ዳሩ ግን የእጁን ነገር የሚያነብለት ሰው ባይኖር ኖሮ ወረቀቱ ሁሉ በቆሻሻ ላይ በተጣለ ነበር።

መምህራኑም እንዲህ ያለ ብልሃት አገኙ። ልጁ እጅግ የሚወዳቸውን የሥዕል ዕቃዎች ለጥቂት ጊዜ ከፊቱ አነሡ፤ እንዲጠይቃቸውም በትዕግሥት ጠበቁ። ይህ የተደረገው ልጁን ለመቅጣት አልነበረም፤ ለመናገር ምክንያት እንዲያገኝ ነው እንጂ። ልጁ ተጨነቀ፤ ድምፅ አሰማ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም «ወረቀት» የሚለውን ቃል ተናገረ። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው። ብዙ ሕፃናት አፋቸውን የሚፈቱት እናታቸውን ወይም ውሃን በመጥራት ነው፤ ይህ ሕፃን ግን አፉን የፈታው ልቡ በተጣበቀበት ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ቃል በቃል ላይ እየተጨመረ ሄዶ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አጥርቶ ለመናገር በቃ። ከአንዲት ቃል እስከ ሙሉ ንግግር ድረስ ዓመታት እንዳለፉ ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ሁሉ ዘመን መምህራኑ ሳይሰለቹ መቈየታቸው ከብልሃታቸው የሚያንስ ምስጋና የሚገባው አይደለም።

ፊደልም ሲማር በዚሁ መንገድ ነው። ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው የሎንዶንን የታወቁ ሕንፃዎች በእንግሊዝ ፊደል ተራ እየደረደረ፥ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ሕንፃ ሣለ፤ እነዚህም ሥዕሎች የሎንዶን ፊደል ተብለው ተጠሩ። ክሪስ ማሪስ የተባለው አስተማሪው ደግሞ ልጁን ከክፍል አውጥቶ በከተማው ውስጥ እያዞረ ሕንፃዎቹን ያሳየው ነበር። ልጁ አንድ ጊዜ አተኵሮ ያያል፤ ከዚያም ተመልሶ መስኮቱን፥ ዓምዱን፥ የጣራውን ጌጥ ሁሉ ሳያዛባ ይሥላል። ገና በስምንት ዓመቱ ቀድሞ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኤድዋርድ ሂዝ የሳልዝበሪን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን እንዲሥልላቸው አዝዘውታል።

በ1987 ዓ.ም. የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቢቢሲ እንዲህ ያለ ልዩ ስጦታ ስላላቸው ሰዎች አንድ ፊልም ባሳየ ጊዜ ስቲቨን በዚያ ታየ። የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ፕሬዚዳንት የነበሩት ታላቁ የሕንፃ ዐዋቂ ሂው ካሰን ሥዕሎቹን ተመልክተው፥ ይህ ልጅ በአገሩ ካሉት ሕፃናት ሠዓሊዎች ሁሉ ምናልባት የሚበልጠው እንደ ሆነ መሰከሩለት። በዚያው ዓመት ሥዕሎቹ በመጽሐፍ ታትመው ወጡ። በ1989 ዓ.ም. ሁለተኛው፥ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኛው መጽሐፍ ተከተለ፤ ለዚህ ለሦስተኛው ቬኒስን፥ አምስተርዳምን፥ ሌኒንግራድንና ሞስኮን ዞሮ አይቶ ሣለ። ስመ ጥሩው የአንጎል ሐኪም ኦሊቨር ሳክስም አብሮት ተጕዞ ጠባዩንና ሥራውን ከመረመረ በኋላ፥ በ1995 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ሰፊ ምዕራፍ ጻፈለት።

በዚህ ጊዜ ዘመዶቹና ወዳጆቹ «ስጦታው ከተፈጥሮ ነውና ይበቃዋል» ብለው ሊተዉት ይችሉ ነበር። እሱ ግን በ1990ዎቹ ዓመታት በሎንዶን በሚገኝ በታወቀ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ንድፍንና የቀለም ሥዕልን ተማረ። ስጦታ እንደ ዘር ነው፤ ዘር ያለ እርሻ ፍሬ እንደማይሰጥ፥ ስጦታም ያለ ትምህርትና ያለ ልምምድ ብዙ አይሄድም።

ከሁሉ ይልቅ ስሙን በዓለም ያስጠራው ታላላቅ ከተሞችን ከላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ በትዝታው መሣሉ ነው። በ2001 ዓ.ም. በሄሊኮፕተር በሎንዶን ላይ በረረ፤ ከወረደ በኋላም በሦስት ሰዓት ውስጥ አራት ካሬ ማይል የሚሆነውን የከተማውን ክፍል ሣለ፤ በሥዕሉም ውስጥ 12 የታወቁ ታሪካዊ ሕንፃዎችና ሌሎች 200 ቤቶች በየስፍራቸው ተገኙ። በ2005 ዓ.ም. በጃፓን አገር በቶኪዮ ላይ ከበረረ በኋላ ዐሥር ሜትር በሚሆን ረጅም ሸራ ላይ ከተማውን በሰባት ቀን ሣለው። ከዚያም ሮምን፥ ሆንግ ኮንግን፥ ፍራንክፉርትን፥ ማድሪድን፥ ዱባይንና ኢየሩሳሌምን በዚሁ መንገድ ሣለ። በ2009 ዓ.ም. ኒውዮርክን ሃያ ደቂቃ ያህል ከሰማይ አይቶ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ በሚሆን ወረቀት ላይ አሰፈረው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሲንጋፖርን አራት ሜትር በሚሆን ወረቀት ላይ በአምስት ቀን ሣለ።

የዚህን ሥራ ብዛት ለመረዳት ነገሩን ወደ አገር ቤት ማምጣት ይሻላል። አንድ ሰው በሄሊኮፕተር ተቀምጦ በወልድያ ላይ አንድ ጊዜ ዞረ እንበል። ከዚያም በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፥ ፎቶግራፍም ማስታወሻም ሳይዝ፥ የቆርቆሮውን ጣራ ከሣር ቤቱ ለይቶ፥ የመንገዱን ጥምዝና የወንዙን ዳር፥ የመስጊዱን ሚናራና የቤተ ክርስቲያኑን ጕልላት፥ የፎቁን መስኮት ቍጥር ሳይቀር በየቦታው አስቀመጠው። በከተማው ተወልዶ ያደገ ሽማግሌ እንኳ ከደጃፉ ጀምሮ ያሉትን ቤቶች በተራ ሲጠራ ዐሥረኛው ላይ ይሳሳታል። ስቲቨን ግን የማያውቀውን ከተማ ነው እንዲህ የሚያደርገው። በቀለም ብዕር ስለሚሥል አንዴ የሰመረውን መስመር መፋቅ አይቻልም። ሕዝብ ከኋላው ቆሞ እየተመለከተው በጆሮው ሙዚቃ እያዳመጠ ይሥላል፤ ሙዚቃውም ከሰው ጫጫታ ይጠብቀዋል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው «ሰው ሳይሆን የፎቶግራፍ መሣሪያ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለምስጋና ቢመስልም እውነቱን ያሳንሰዋል። የፎቶግራፍ መሣሪያ የሚወደው ነገር የለውም። ስቲቨን ግን ረጃጅም ሕንፃዎችን፥ የኒውዮርክን ግርግርና የአሜሪካን ታላላቅ መኪናዎች ስለሚወድ ነው ደጋግሞ የሚሥላቸው። የትኛው መስመር እንደሚደምቅ፥ የትኛውም እንደሚሳሳ የሚመርጠው እሱ ነው። ዓይኑ ያየውን እጁ የሚያወጣው በልቡ አልፎ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ስለ ሥዕል ሥራው ኤም ቢ ኢ የሚባለውን የእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን ተሸለመ። በዚያው ዓመት በሎንዶን መካከል የራሱን የሥዕል ቤት ከፈተ። እንጀራውን በእጁ ሥራ የሚበላ ሰው ሆነ። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ኦቲዝሙ አልጠፋም፤ ከሰው ጋር ያለው ጠባይና አነጋገሩ እንደ ሌላው ሰው አልሆነም። ገና በልጅነቱ እናቱ፥ በትምህርት ቤት መምህራኑ፥ ካደገ በኋላም እኅቱ ከአጠገቡ አልተለዩትም፤ የሥራውን ጕዳይ የምታካሂድለትም እኅቱ ናት። ለብቻው የቆመ ሰው ማንም የለም፤ እሱም ቢሆን በዘመድ ላይ ተደግፎ ነው የቆመው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ መነገር አለበት። ይህን ታሪክ የሰማ መምህር ወይም አባት «የእኔም ልጅ ኦቲዝም ካለበት አንድ ተአምር ይኖረዋል» ብሎ እንዳይጠብቅ። እንደ ስቲቨን ያለ ስጦታ ከብዙ ሺህ ልጆች መካከል በአንዱም ላይገኝ ይችላል። አብዛኞቹ ልጆች ከተማ አይሥሉም፤ ኒሻንም አይሸለሙም። አንዱ ትልቁ ድሉ ልብሱን ራሱ መልበስ ይሆናል፤ ሌላው ስሙን መጻፍ፥ ሌላውም እናቱን በስምዋ መጥራት ይሆናል። ልጁ የሚከበረው ሥዕል ስለ ሣለ ከሆነ፥ የማይሥለው ልጅ ወደ ጓዳው ይመለሳል ማለት ነው። የስቲቨን መምህራን ልጁን ሲቀበሉት ገና ታላቅ ሠዓሊ እንደሚሆን አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት አምስት ዓመት የሆነው የማይናገር ሕፃን መሆኑን ብቻ ነበር። ምስጋናቸውም ስለዚህ ነው።

ነገሩ በአገራችንም ምስክር አለው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በውጭ አገር ብዙ ዘመን ቈይተው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበር። ወንድ ልጃቸው ኦቲዝም ስለ ነበረበት የሚቀበለው ትምህርት ቤት አጡለት። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቈርጦ ልጁን በቤት ባስቀመጠ ነበር፤ እሳቸው ግን በ2002 ዓ.ም. ኒያ ፋውንዴሽን የተባለውን ማኅበር መሥርተው በአገራችን የመጀመሪያ የሆነውን ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በራዲዮና በቴሌቪዥን ቀርበውም ስለ ልጃቸው በግልጥ ተናገሩ፤ ብዙ ወላጆች የራሳቸውን ልጅ ከጓዳ ለማውጣት የደፈሩት እሳቸውን ሰምተው ነው። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የጀመሩት ሥራ ግን ሌሎችን አስነሥቶአል፤ ነህምያ የተባለውም ማዕከል በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉትን ልጆች ያስተምራል።

ወይዘሮ ዘሚ ካቆዩት ሥራ አንዱ ለመምህራን እጅግ የሚጠቅም ነው። ልጆቹ ድምፅን ከፊደል ጋር እያያያዙ መናገርና ማንበብ እንዲለምዱ አቡጊዳ ፎኔቲክስ ብለው የጠሩትን የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። ስሙን ከየት እንዳመጡት ሽማግሌዎች ታውቃላችሁ። የቀድሞ የኔታዎች ተማሪው ሀሁን በዜማ በቃሉ ብቻ እየወረደ ፊደሉን ሳይለይ እንዳይቀር፥ ተራውን ለውጠው አቡጊዳን ያስቈጥሩት ነበር። ይህም ማለት በአንድ መንገድ ያልገባውን በሌላ መንገድ ማስገባት የአባቶቻችን የማስተማር ልማድ ነው። የሎንዶኖቹ መምህራን በወረቀትና በእርሳስ ያደረጉትን የእኛ የኔታዎች በፊደል ገበታ ያደርጉት ነበር። ስለዚህ ይህን ትምህርት ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ብሎ መፍራት አይገባም።

በሐብሩ ወረዳ ያለ የገጠር መምህር ግን «ልዩ ማዕከል የለም፤ ተማሪዬ ብዙ ነው፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ የልጁ ዝምታ ምክንያቱ ይመርመር። የማይናገር ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም፤ ጆሮው የማይሰማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወላጆቹ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ወስደው እንዲያስመረምሩት መምከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ መምህሩ ልጁ ብቻውን ሲሆን ወደ ምን እንደሚመለስ ለአንድ ሳምንት ይመልከት። በማሽላ አገዳ መሬት ላይ መስመር ይስል ይሆናል፤ ጠጠር ይቈጥር ይሆናል፤ እናቱ ስትሰፋ የስፌቱን ቀለም ተራ አተኵሮ ያይ ይሆናል። ያ ነገር የልጁ በር ነው። ቍጥሩንም ፊደሉንም በዚያ በር ማስገባት ይቻላል። ቀለምና ወረቀት ቢጠፋ ከሰልና ጠፍጣፋ ድንጋይ፥ ቀይ አፈርና ነጭ አፈር ከየመንደሩ አይጠፋም።

ሦስተኛ ሥርዓቱ አይለዋወጥበት። ልጁ በየቀኑ በአንድ ቦታ፥ ከጫጫታው ራቅ ብሎ በግድግዳው አጠገብ ይቀመጥ። ትእዛዝ ሲሰጠው ቃሉ አጭር ይሁን፤ ቀጥሎ የሚሆነውም ነገር በሰሌዳው ጥግ በሥዕል ይታይለት፤ ለምሳሌ መጽሐፍ፥ ከዚያም ኳስ፥ ከዚያም ቤት ተሥሎ ቢያይ ማንበብን፥ ጨዋታንና ወደ ቤት መመለስን በተራ ያውቃል። ፍርሃቱም ይቀንሳል።

አራተኛ አይመታ፤ እንዲጮኹበትም አይፈቀድ። ጆሮውን የሚይዘው ሰውን ንቆ ሳይሆን ድምፁ ስለሚጐዳው ነው። ከክፍሉ ልጆች አንድ ልበ ርኅሩኅ ተማሪ ተመርጦ አብሮት ይቀመጥ፤ በዕረፍት ጊዜም አብሮት ይሁን። ይህ ለዚያ ለተመረጠው ልጅ ራሱ ታላቅ ትምህርት ነው።

አምስተኛ መምህሩ እናቱን ያማክር። ልጁ ምን እንደሚያስቈጣውና ምን እንደሚያረጋጋው ከእናቱ ይልቅ የሚያውቅ የለም። በትምህርት ቤት የተጀመረው በቤት ካልቀጠለ፥ ቀን የተተከለውን ሌሊት እንደ መንቀል ይሆናል።

ሽማግሌዎች፥ ካህናትና ሼኾችም የራሳችሁ ድርሻ አላችሁ። ሰው ልጁን ወደ ጸበል መውሰዱ ወይም ዱዓ ማስደረጉ የእምነቱ ጕዳይ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን ጸሎት ከትምህርትና ከሕክምና ጋር ይሄዳል እንጂ አይጣላም፤ ይህን ቃል ከመምህሩ አፍ ይልቅ ከእናንተ አፍ ሲሰማ ወላጅ ያምናል። በገመድ የታሰረ ልጅ እንዳለ የሰማ ሽማግሌ እንደ ሰው ቤት ነገር ቈጥሮ ዝም አይበል፤ ገብቶ ይምከር። በቅሬ ስብሰባ ላይም ቢሆን እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ለአንድ ቀን ገበያ እንድትወጣ ልጅዋን የሚጠብቅላት ጎረቤት ማበጀት ለቅሬው የሚከብድ ነገር አይደለም። ሐዘንተኛን የሚያጽናና ማኅበር በየቀኑ የምታዝነውን እናት ሊረሳት አይገባም።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። አገራችን የአካል ጕዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን የዓለም መንግሥታት ስምምነት በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ተቀብላለች፤ ይህም ስምምነት እንዲህ ያሉ ልጆች ከሌሎቹ ሳይለዩ የመማር መብት እንዳላቸው ይናገራል። የትምህርት ሚኒስቴርም በ2006 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርትን መርሐ ግብር አውጥቶ፥ በ2012 ዓ.ም. አሻሽሎታል። እንግዲህ ልጁን መቀበል የመምህሩ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ለልጁ የሚገባው ነገር ነው።

ስቲቨን ዊልትሸር አንዲት ቃል እስኪናገር ድረስ አምስት ዓመትና የብዙ ሰዎች ትዕግሥት አስፈልጎታል። በሐብሩና በወልድያ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ውስጥም ስማቸው በትምህርት ቤት መዝገብ ያልገባ ልጆች አሉ፤ የት ቤት እንዳሉም ሽማግሌዎች ታውቃላችሁ። መስከረም ሲጠባ መምህሩ የአዲስ ተማሪዎችን ስም ለመጻፍ መዝገቡን በሚዘረጋበት ቀን፥ አንድ ሽማግሌ ከእነዚህ ልጆች የአንዱን እጅ ይዞ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይድረስ፤ መምህሩም ልጁ መልስ ባይሰጠውም ስሙን ጠይቆ ይጻፈው።